ለማንም ያልተጋበዘው ሮክ

ለክቡር አቶ ኅሩይ፣
«ቅዳሜ በሐይቅ ዳር» የተሰኘው የአማርኛ ሬዲዮ ዝግጅት የሙዚቃ ደረጃ ኮሚቴ ሰብሳቢና የዕንቁጣጣሽ በዓል አዘጋጅ፣
ዙሪክ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የደም ግፊትዎ፣ ወገብዎ፣ በኮሚቴው ሥራ ምክንያት የሚያጡት እንቅልፍ እንዴት ነው? እኔ እዚህ ጄኔቫ፣ ሜራን ሠፈር፣ ከጉልበቴና ከሕንፃችን ሊፍት በስተቀር ደኅና ነኝ። ሊፍቱ በጥቅምት እንደሚጠገን ማስታወቂያ ተለጥፎልናል፤ ስለ ጉልበቴ ግን እስካሁን የለጠፈ የለም።

ከዚህ ቀደም በግል የላክሁልዎ ደብዳቤዎች መልስ ያላገኙት በሥራ ብዛት እንደሆነ አልጠራጠርም። ስለዚህ ይህኛውን ሁሉ በሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ መጻፌን እንደ ድፍረት ሳይሆን ሸክም እንደማቅለል ይቁጠሩልኝ፤ እርስዎ ለማንበብ ጊዜ ቢያጡ እንኳ ያነበበ ሰው መንገድ ላይ አቁሞ ይነግርዎታል።

የማያውቀኝ አንባቢ ቢኖር፣ ስሜ ደጀኔ ይባላል፤ ጡረተኛ ነኝ፤ ጄኔቫ ውስጥ «መጠለያ» በሚባል የሮክ ባንድ ጊታር እመታለሁ። ቤዝ ጊታሩን የሚይዘው ገረመው ነው፣ ድራሙን የምትመታው ደግሞ ሶሊያና። የባንዱ ስም የመጣው ከምንለማመድበት ክፍል ነው፤ ይህ አገር ላልመጣ ቦምብ በየሕንፃው ሥር የቆፈረውን መጠለያ፣ ቦምቡ እስኪመጣ ድረስ የአሮጌ ብስክሌትና የአሮጌ ሮከኛ ማስቀመጫ አድርጎታል። ለእርስዎ ይህን መግለጽ አያስፈልግም ነበር፤ ለኢንሹራንስ ሥራ ወደ ዙሪክ ከመሄድዎ በፊት፣ አሁን ሶሊያና በምትቀመጥበት የድራም ወንበር ላይ ለዓመታት የተቀመጡት እርስዎ ነበሩ። የወንበሩ ቆዳ ዛሬም የእርስዎን ቅርጽ እንደያዘ ስለሆነ ልጅቱ ትራስ ታደርግበታለች።

ጉዳዩ ይህ ነው። ባለፈው ሐምሌ ኮሚቴዎ፣ ዙሪክ በሚከበረው የዕንቁጣጣሽ በዓል ላይ የሚቀርቡት በሬዲዮው «የሳምንቱ ሃያ» ሰንጠረዥ ውስጥ ቦታ ያላቸው የሙዚቃ ዓይነቶች ብቻ እንዲሆኑ ወሰነ። ሮክ ከሰንጠረዡ ወጥቷል፤ ስለዚህ በዓሉን ከእርስዎ ዘመን ጀምሮ በየዓመቱ ስንዘጋ የኖርነው እኛም ወጣን። የምለምነው ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው፤ ያውም የመጨረሻዋን፣ ሰዉ ጃኬቱንና ልጆቹን የሚፈልግባትን። ለምን እንደምለምን ከታች እደርስበታለሁ፤ አስቀድሜ ግን ለኮሚቴው እንዲቀል ብዬ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ስለ ድምፅ አቆጣጠሩ አመሰግናለሁ። ሌላው ዓለም ዘፈንን የሚመዝነው ስንት ሰው ገዛው፣ በስንት ስልክ ተከፈተ እያለ ነው። የእርስዎ ኮሚቴ ግን ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነውን የዘፈን ግብዣ ወግ መሠረት አድርጎ፣ አድማጩ ዘፈኑን የጋበዘላቸውን ሰዎች ስም እየቆጠረ ለእያንዳንዱ ስም አንድ ድምፅ ይሰጣል። ይህን የመሰለ ሒሳብ በዚህ በሒሳብ በሚታወቅ አገር እንኳ ያሰበው አልነበረም።

ውጤቱም ያማረ ሆኗል። ከቪንተርቱር የሚደውሉልን ወይዘሮ ዝናሽ አንድ የሠርግ ዘፈን ይዘው ይቀርቡና ለእናታቸው፣ ለእኅቶቻቸው፣ ፍራንክፈርት ላሉት የአክስታቸው ልጆች፣ ለጎረቤታቸው፣ ለጎረቤታቸው አማች፣ ገና በማኅፀን ላሉ መንትዮች ሳይቀር ይጋብዛሉ፤ ትንፋሽ ሲያጥራቸው አቅራቢዋ ውኃ ጠጥተው እስኪመለሱ በትዕግሥት ትጠብቃቸዋለች። አንድ ስልክ፣ አንድ ዘፈን፣ የአንድ ሠፈር ሕዝብ ድምፅ። ወይዘሮ ዝናሽን አልወቅስም፤ ዘመድ ማብዛት ጥፋት አይደለም፣ እኔም ቢኖረኝ እጠራው ነበር።

ሮክ የሚወድ ሰው ግን፣ እርስዎም እንደሚያስታውሱት፣ ስም የመጥራት ልማድ የለውም። ገረመው በየቅዳሜው ለዝግጅቱ የሚልከው መልእክት አንድ መስመር ነው፤ ሮክ ክፈቱልኝ ይላል፣ በቃ። ስም ስለሌለው ድምፅ የለውም። ይህ እንዴት ይሆናል ብዬ ብደውል ጸሐፊዎ በትልቅ ትሕትና አስረዱኝ፤ የተጋበዘለት ሰው የሌለ ዘፈን ለሰንጠረዡ እንዳልተጠየቀ ይቆጠራል አሉኝ። ይህንኑ ለገረመው በወረቀት ጽፌ ባሳየው፣ ደጋግሞ አነበበና «ለማን ልጋብዝ? እኔው ልሰማው ነው እኮ» አለኝ። ኮሚቴው ለዚህ መልስ ካለው ቢያካፍለኝ ደስ ይለኛል።

በዚህ ሥርዓት ሮክ አንድ ጊዜ ብቻ ቀን ወጥቶለት ነበር፤ እሱም በዐቢይ ጾም ነው። ወይዘሮ ዝናሽና መሰሎቻቸው በጾም ዘፈን ስለማይጋብዙ፣ የሶሊያና ጓደኛ አብዱልአዚዝ ለክፍል ጓደኞቹ የጋበዘው አንድ ሮክ ማንም ሳይገፋው ዘጠነኛ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። በፋሲካ ማግስት ግን ወይዘሮ ዝናሽ ሁለት ወር የከረመባቸውን ዘመድ በአንድ ትንፋሽ ጠሩት፤ ሁሉ በተነሣበት ሳምንት ሮክ ተቀበረ።

፪ኛ፦ ለውሳኔው ዓለም አቀፍ ማስረጃ ስለማቅረብዎ አመሰግናለሁ። በሬዲዮ እንዳብራሩልን፣ ሮክ በትልልቆቹ አገሮችም ሆነ እዚሁ በስዊዞቹ ሰንጠረዥ ከዋናው ሥፍራ ወርዷል፤ እነሱ ያልያዙትን እኛ ለምን እንይዛለን?

እውነት ነው ክቡር ሆይ፣ እኔም አየዋለሁ። የስዊዞቹን ሰንጠረዥ በየሳምንቱ ከላይ እስከ ታች አነበዋለሁ፣ ሽማግሌ የሐዘን ማስታወቂያ እንደሚያነብ፣ የማውቀው ሰው አለ ወይ እያልሁ። ጊታር ያለበት ባገኝ እንኳ ብዙ ጊዜ ያረጀ ቅጂ ነው፤ ዘፋኙም ወይ ሞቷል ወይ ለስንተኛ ጊዜ እየተሰናበተ ነው። ከሜራን ወደ ከተማ በሚወርደው ትራም ላይ ወጣቱ ሁሉ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ሰክቷል፤ ከአንዱም ጆሮ ጊታር ሾልኮ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ሶሊያና ራሷ፣ እዚህ ተወልዳ ያደገች ልጅ፣ ጓደኞቿ ምን እንደሚሏት ስጠይቃት አልደበቀችኝም። «ጋሼ፣ ሮክ ሙዚክ ደ ቪዩ ነው ይሉኛል፣ የሽማግሌ። እኔ ግን ሳምፉ፣ ግድ የለኝም» አለችኝ። ግድ የሌላት ልጅ በመኖሯ እኔም እሷን እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቃት።

ስለዚህ ሮክ ነገ ይመለሳል ብዬ አልከራከርዎትም። ለመከራከር ደክሞኛል። አንድ ሙዚቃ ጊዜው ሲያልፍ ያልፋል፤ እኔም ጊዜዬ አልፏል፣ ማንም ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ አልጠበቅሁምም። አንድ ነገር ብቻ ላስታውስ፤ ስዊዞቹ ሮክን ከሰንጠረዥ ሲያወርዱት ከቤት አላባረሩትም። የእነሱ ሽማግሌዎች ዓርብ ዓርብ በየመጠጥ ቤቱ ጥግ ይጫወታሉ፤ ደረጃቸውን የሚጠይቃቸው የለም። እኛ ያለን አዳራሽ ግን አንድ ነው፣ እሱም በዓመት አንድ ቀን። ከእርስዎ ሰንጠረዥ የወረደ የሚያርፍበት ሌላ ቦታ የለውም።

፫ኛ፦ ስለ ጆሮ መድፈኛው ሪፖርት አመሰግናለሁ። ለማያውቅ አንባቢ፣ በዚህ አገር ሕግ ድምፁ ከፍ የሚል ዝግጅት ያዘጋጀ ሰው ለእንግዶቹ በነጻ የጆሮ መድፈኛ ማቅረብ አለበት፤ ቢጫ ስፖንጅ ናት፣ ጠቅልለው የሚሰኳት። ባለፈው ዓመት በር ላይ አንድ ሣጥን ሙሉ ተቀምጦ ነበር። ኮሚቴው ባወጣው ሪፖርት የሣጥኑ ባዶ መሆን ሕዝቡ በሮክ ለመማረሩ ተጨባጭ ማስረጃ ተብሎ ቀርቧል።

ከሪፖርቱ ጋር ለመጋጨት አልደፍርም፤ የሰዓት ቅደም ተከተሉን ብቻ ባስተካክል ይፈቀድልኝ። ሣጥኑ ባዶ የሆነው እርስዎ የኮሚቴውን የዓመት ሥራ ክንውን ሲያነቡ ነው። እኛ ያኔ ገና ሽቦ እንሰካ ነበር። መድረኩ ጥግ ተንበርክኬ ሳይ፣ ሦስተኛው ረድፍ ሙሉ በሙሉ ጆሮው ቢጫ ሆኖ በአክብሮት ራሱን ይነቀንቅልዎ ነበር። የተረፈችውን ጥቂት ወይዘሮ ዝናሽ ለባለቤታቸው ማንኮራፋት ብለው በቦርሳቸው ይዘዋት ሄዱ፤ ራሳቸው ነግረውኛል፣ ትሠራለችም ብለውኛል። እኛ መጫወት ስንጀምር በአዳራሹ ውስጥ የሚደፈን ጆሮ እንጂ መድፈኛ አልነበረም።

፬ኛ፦ ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ስለ ምሕረትዎ ነው። ውሳኔው ከተላለፈ በኋላ በጸሐፊዎ በኩል የላኩልንን አማራጭ በአክብሮት ተቀብዬ አንብቤዋለሁ። ከፈለግን በእራት ሰዓት፣ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ሰው ሲበላ የማይረብሽ «ለስለስ ያለ ነገር» ብናቀርብ ኮሚቴው እንደማይቃወም ገልጸዋል።

አሁን ለምን እንደምለምን ልንገርዎት። ገረመው እየደነቆረ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በአየር ማረፊያው፣ አውሮፕላን ክንፍ ሥር የሻንጣ ጋሪ ሲነዳ ነው የኖረው። ሰዉ ሁሉ ሮክ አደነቆረው ይላል፤ የጆሮ ሐኪሟ ግን ሞተሩ ነው ብላለች፤ ሮክ በሳምንት አንድ ቀን ነበር፣ ሞተሩ በየቀኑ። መጀመሪያ የሄዱበት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው፦ የወፍ፣ የስልክ ጥሪ፣ የልጅ ልጆቹ። ቀጥሎ የሰው ንግግር ሄደ። የመስሚያ መሣሪያ ተደርጎለታል፤ ነገር ግን ሰው ሲያናግረው ፌስታል የሚጨማደድ ነው የሚመስለው፣ ስለዚህ አውልቆ ኪሱ ይከተዋል። የቀረው ወፍራሙ ድምፅ ነው፤ የራሱ ቤዝና በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም። እሱም ጮክ ካለ ብቻ ነው፣ ከአየሩ ይልቅ በወለሉ፣ በጫማው ሶል በኩል የሚደርሰው። ሐኪሟ እሱም እየሄደ መሆኑን ነግራናለች፤ ለከርሞ ዕንቁጣጣሽ ይቆይ እንደሆነ ስጠይቃት ቃል አልሰጠችኝም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ለስለስ ያለ ነገር ማለት ለገረመው ዝምታ ማለት ነው። ከእኛ ጋር ተቀምጦ ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል፣ ሰው ያጨበጭብለታል፣ እሱ ግን አንዲት ድምፅ አይሰማም። በበዓሉ ላይ ዲጄ የሚያጫውተው ዘፈንም ቤዝ አለው ይሉኝ ይሆናል። አለው፤ ግን በዚያኛው ውስጥ ገረመው የለበትም። ይህ ሰው ከሌላው ሰው ጋር አብሮ የሚሆንበት የቀረው አንድ ነገር ያ ሃያ ደቂቃ ነው፤ እኛ በመታን ቁጥር እሱም ይመልሳል፣ አዳራሹም ሲንቀጠቀጥ ያውቀዋል። የዚህን ደረጃ በየትኛው ሰንጠረዥ እንደምፈልገው አላውቅም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከዚያ አላስቸግርዎትም። ገረመው ያን የስም ነገር ካስረዳሁት በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ሲያስብ ከረመ። በቅዳሜው፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሮኩን ለሰው ጋበዘ። ስሙ አንድ ብቻ ነበር፤ «ለኅሩይ፣ ዙሪክ» ይላል። አቅራቢዋ አነበበችው። እርስዎ ስቱዲዮ ነበሩ፤ ሳቅ አሉና የድሮ ወዳጅ አይረሳም ብለው አመሰገኑ፣ ዘፈኑም ግማሹ ላይ ሲደርስ ለማስታወቂያ ተቆረጠ። አንድ ድምፅ ተመዘገበ። እኔ ያን ቀን ላንሲ ሠፈር፣ ገረመው ቤት ነበርሁ። መዳፉን ሬዲዮው ላይ ጭኖ ነው የሚከታተለው፤ ድምፁ በመሐል ሲቆም ቀና ብሎ ሬዲዮው ተበላሸ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ራሴን ነቅንቄ አዎ አልሁት።

ውሳኔዎን እስከ ዛሬ አያውቅም። ለገረመው ነገር የሚነገረው በጩኸት ነው፣ ይህ ደግሞ የሚጮህ ነገር ሆኖ አልተገኘልኝም። አንድ ሐሙስ ከልምምድ በኋላ ቆርጬ አፌን ከፈትሁና ስለ ሊፍቱ ጮህሁበት። ጽፌ ላሳየው አስቤ እስክሪብቶ አንሥቼ ነበር፤ ለእሱ የጻፍሁት መስመር ግን ይኸው ረዝሞ ለእርስዎ ደብዳቤ ሆነ። እሱ ግን ለዙሪኩ በዓል አዲስ የቤዝ ክር ገዝቶ ገጥሟል፣ ጥቁር ሸሚዙን አስተኩሷል፣ ሶሊያናን የትኛውን ዘፈን መዝጊያ እናድርግ እያለ ይጨቀጭቃታል። ልጅቱም ድራሙን ትመታለታለች።

ይህ ደብዳቤ ከወጣ በኋላ ወሬው ገረመው ጋ እስኪደርስ ብዙ አይቆይም። ከእኔ ወረቀት ወይም ከአላፊ አግዳሚ ከሚሰማው፣ ከወሰነው ሰው ቢሰማው ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ልመናዬ በሁለት ይከፈላል፤ ወይ ሃያ ደቂቃዋን ይስጡን፣ ወይም በመጪው ሐሙስ ከዙሪክ መጥተው ራሱን ገረመውን ይንገሩት። ኮሚቴው ከሁለቱ የቀለለውን ይምረጥ።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ሒሳብ ችሎታዎ፣ ስለ ለስላሳው ምሕረትዎ ደግሜ ደጋግሜ እያመሰገንሁ፣ ሰንጠረዥዎ ከዓመት ዓመት እንዲሰፋ፣ የሚጠራው ዘመድ እንዲበዛ፣ እርስዎም ከስቱዲዮው ወንበር ሳይነሡ ብዙ ዕንቁጣጣሽ እንዲያዩ እመኛለሁ። ጉልበቴ በፈቀደልኝ መጠን ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ከሃያ በታች ያለሁት አገልጋይዎ፣
ደጀኔ
የመጠለያ ባንድ ጊታር መቺ
ሜራን፣ ጄኔቫ፣ ነሐሴ

ተጨማሪ፦ ሐሙስ ለመምጣት ከወሰኑ፣ ከባቡር ጣቢያው በትራም መምጣቱን አልረሱትም ብዬ አስባለሁ። የመጠለያው በር እንደ ድሮው ከባድ ነው፤ አያንኳኩ፣ የሚሰማ የለም፣ ገፍተው ይግቡ። ንግግር አዘጋጅተው እንዳይደክሙ ግን ላስጠንቅቅዎት፤ ሁላችንም የምንወደው ያ የሬዲዮ ድምፅዎ ለገረመው ፌስታል ነው። እርስዎን ሊሰማበት የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ሶሊያናም ወንበሩን እንደምትለቅልዎ፣ ትራሷንም እንደምታነሣልዎ ነግራኛለች። እንግዲህ ተቀመጥና ምታ፣ ኅሩይ። እሱ ቤዙን ይዞ፣ ከእግርህ ሥር የሚወጣውን በጫማው እየሰማ ሲስቅልህ እያየህ፣ በዓሉ ላይ አትጫወትም ብለህ ልትነግረው ከቻልህ፣ እኔም ውሳኔህን እቀበላለሁ።